ለአባቴ ፒካፕ የገጠምኩት የኋላ ፓውዛ

አባቴ ለሙያዬ ክብር ኖሮት አያውቅም። ወልቂጤ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራሁ ልጆች ማሳደጌን «ሽቦ መቋጠር» ነው የሚለው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ፒካፑን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ፣ ሳይወርድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ከኋላዋ ፓውዛ ግጠምልኝ። ሁለት። ኃይለኛ ይሁን» ሲለኝ ነገሩ እንዳላማረ ገባኝ።

«የራሷ የኋላ መብራት ይሠራል እኮ» አልኩት።

«ይሠራል። አያሳይም።»

ቤታችን ከእምድብር ወጣ ብሎ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ደጃችን የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙን እንሰት ሞልቶታል፤ ግቢው ውስጥ መኪና ማዞሪያ የለም። አባቴ ሁልጊዜ በኋላ ማርሽ ነው የሚገባው። ያን ሁሉ ዓመት እየጠራች ያስገባችው ደግሞ እናቴ ናት። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ትወጣና ከቤቱ ጥግ ትቆማለች። «ና፣ ና፣ ና! ቀኝ ያዝ! መልስ! ና፣ ና... በቃ!» እናቴ አባቴን አንቱ ነው የምትለው፤ «ይቀመጡ፣ ይብሉ» እያለች ነው የኖረችው። መኪናው ወደኋላ ሲመጣ ብቻ አንተ ታደርገዋለች። እኛ ልጆቿ በዚህ ስንስቅባት «መኪናውን እኮ ነው የምለው» ትለን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ዛለ፣ አፏ ተያዘ። አታት ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ እየተመላለሰች መታየት እንዳለባት ተነገረን፤ ንግግሯ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ተባልን። በዚያ ጭቃ እስከ ዋናው መንገድ ተሸክሞ ማውጣት አይሆንም። አንዴ ሞክረን አንዱ ተሸካሚ አዳልጦት ከነቃሬዛዋ ልትወድቅብን ነበር። ፒካፑ ማታ ደጃፉ ድረስ ገብቶ ካላደረ ጠዋት እናቴን የሚጭናት የለም ማለት ነው።

አባቴ ደግሞ ማስገባት አቅቶታል። አጥሩን ገጨው፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን ገጨው፣ እንሰቱን ረመረመው። የጎረቤት ጎረምሶች ሊጠሩለት ቢወጡ «ስልካቸውን እያዩ ና ይሉኛል» ብሎ አባረራቸው። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «አባ አያዩም። መኪናው ይሸጥና እማን እኔ ጋ አምጧት።» እሷ የምትኖረው ከባሏና ከልጆቿ ጋር ባንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው። እማን አለች እንጂ አባን አላለችም። ተናደድኩባት። ከዚያ የተሻለ ሐሳብ ስላልነበረኝ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

«ዓይንዎን ለምን አይታዩም?» አልኩት አባቴን፣ የመሣሪያ ሳጥኔን እየከፈትኩ።

«ዓይኔ ምን ሆነ? የጨለመው መንገዱ ነው። አንተ ሽቦህን ቋጥር።»

ቋጠርኩ። ፓውዛዎቹን ከኋላ ሰሌዳው ግራና ቀኝ አሰርኳቸው። የመኪናው የራሱ የኋላ መብራት ሽቦ ቀጭን ነው፤ እንዲህ ያለ ጉልበተኛ መብራት በቀጥታ ቢቀጥሉበት ይቀልጣል። ስለዚህ ከእሱ የወሰድኩት ትእዛዙን ብቻ ነው። ማርሹ ኋላ ሲገባ መሐል ላይ ያስገባሁት ሪሌ፣ ያቺ በትንሽ ኃይል የምትነሳ ማብሪያ፣ ይነቃል፤ ዋናው ኃይል ግን በወፍራም ሽቦ፣ በፊውዝ አልፎ፣ ከባትሪው ይመጣል። ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቄ ነጌቲቩን አጠበቅኩ። ውኃ እንዳይገባው መጋጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ ደጋግሜ ጠቀለልኩ። ለደንበኛ እንዲህ ተጨንቄ ሠርቼ አላውቅም። እያንዳንዱን ብሎን ባጠበቅኩ ቁጥር «እባክህ አሳየው» እል ነበር፤ መብራቱን ይሁን ፈጣሪን የምለምነው እኔም አላውቅም።

አብረን ሄድን። ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ መሸት ብሏል። መግቢያው ላይ ወርጄ ቀድሜው ገባሁና እናቴ ትቆምበት ከነበረው ጥግ ቆምኩ። በሩ ክፍት ነው፤ እሷ ከግድግዳው ወዲያ አልጋዋ ላይ ናት። አባቴ ማርሹን ኋላ አስገባ።

ግቢው ቀን ሆነ። የእንሰቱ ቅጠል ከነጅማቱ ታየ፤ ቆጥ የወጡት ዶሮዎች የነጋ መስሏቸው ተንጫጩ። እኔም ደስታው አፈነኝ፤ እህቴ ይህን ባየች አልኩ።

«አዩ?» ብዬ ጮህኩ።

«አየሁ፣ አየሁ» አለ። ግን አልመጣም። ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል። አንገቱን በመስኮት ያወጣል፣ ይመልሳል። «ይምጡ! ይምጡ!» አልኩ። አባትን ና ማለት አልሆንልህ ብሎኝ ነው። መኪናው ንቅንቅ አላለም። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል ሞተሩ ብቻ ይጮሃል።

ያኔ ከቤት ውስጥ «ና» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የእናቴ ድምፅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወር ዝምታ በኋላ። «ና፣ ና፣ ና...» አባቴም ሰምቷታል። መኪናው እንደ ድሮው ሳይወላውል፣ ግራም ቀኝም ሳይነካ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። «ና፣ ና፣ ና...» አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ርቀቱን ማየት ረሳሁ። ተኝታ መሆኗን፣ መኪናው እንደማይታያት ሳስታውስ ፒካፑ ደጃፋችንን አልፏል።

«በቃ!» ብዬ ጮህኩ። «አባ፣ በቃ!»

እሷ ግን ና እያለችው ነበር። መጣ። ፓውዛዎቹ ከግድግዳው ጋር ሲላተሙ መስታወታቸው ረገፈ፤ ጭቃው ተናደ፤ ግቢው መልሶ ጨለመ።

አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። የተሰበረውን ዞር ብሎ አላየም። እኔንም አላየኝም።

«መብራቱን አይቼዋለሁ» አለኝ። «ግድግዳው ነው ያልታየኝ። ከጀመረኝ ቆየ፤ እሷ ነበረች የምታይልኝ።»

ከቤት ውስጥ «ና፣ ና» ይሰማል። ከበሩ እንደ ደረሰ መቃኑን ይዞ ቆመ።

«ለእህትህ ደውልላት። ትምጣና ትውሰዳት» አለኝ። ከዚያ ገባና አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ «መጣሁ፣ መጣሁ እኮ» አላት። ደህናውን እጇን ያዘው። እሷም ፊት ለፊቱ እያየችው «ና» አለችው።

መስታወቱ እግሬ ሥር እየተንኮሻኮሸ ደወልኩ። ስለ ፓውዛው ነግሬያት ነበርና እህቴ ስልኩን እንዳነሳች «መብራቱ ሠራ?» አለችኝ፤ ሳልመልስላት ደግሞ ከቤት የሚመጣውን ድምፅ ሰማች።

«የማን ድምፅ ነው እሱ? እማ ናት? ተናገረች እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።

«ምን እያለች ነው?»

«አባን እየጠራች ነው።»