እምቢ የማይባልበት በር

የልጄ ኮምፒውተር ብዙ ሰዓት ሲሠራ የጋለ አቧራ ይሸታል። ባለፈው ቅዳሜ ያ ሽታ ሳሎኑን ሞልቶት ሳለ፣ ልጄ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «እማዬ፣ የጌሙ ማስፋፊያ ወጥቷል፤ ልጫነው?» አለችኝ። «አይሆንም!» አልኋት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። ስለ ጌም የማላውቅ መስሏት አፍጥጣ አየችኝ። አውቃለሁ። በማስፋፊያ የተቃጠልሁትን ያህል የተቃጠልሁበት ነገር ጥቂት ነው።

ያደግሁት ሞላሌ ነው። መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ታላቅ እህቴ አስካለ ገበያው ዳር በያዘቻት አንዲት ክፍል ውስጥ በሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ታይፕ ታስተምር ነበር። ክረምት ሲገባ ተማሪ ይቀንሳል፤ ጉሙ ከመስኮቱ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ እኔና የአጎቴ ልጅ ስንዱም በአንድ ወንበር ተጣብቀን በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ያገኘነውን ጌም እንከፍታለን። የአንዲት መንገደኛ ሴት ጌም ነው። እሷን ሆነን አገር ላገር እንዞራለን፣ የሰው መልእክት እናደርሳለን፣ የተጣላ እናስታርቃለን፣ ሽፍታ ከመጣም እንዋጋለን። እንግሊዝኛውን የምንፈታው በመዝገበ ቃላት ስለሆነ አንድ ሽማግሌ ሰላም እስኪለን ግማሽ ሰዓት ያልፍ ነበር።

ጌሙ ሲጀመር ስም ይጠይቃል። ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእኔ ወጣ። የክርስትና ስሜን፣ ወለተ ኪዳንን ጻፍሁ። ቄስ በጸሎት የሚጠሩትን ስም ለጌም መስጠት እንደማይገባ ያኔ አልታየንም፤ ከእሱ የሚበልጥ ስም አልነበረንም። ስሙን ከሰጠናት በኋላ ደግሞ እንደ ስሟ እንድትኖር ፈለግን። ፍልሰታ ሲገባ እኛ ስንጾም እሷም ጾመች። በዚያ ጌም የቆሰለ ሰው የሚድነው ሥጋ ሲበላ ነው፤ እኛ ግን ዳቦና ቅጠል ብቻ ስለምንሰጣት በየመንገዱ እየሞተች አስቸገረችን። አስካለ «እባካችሁ ይህችን ምስኪን አስፈስኳት!» እያለች ትስቅብን ነበር።

የጌሙን ደግነት ያየሁት በዚያ ጾም ነው። ውጊያው ሲያቅተን በንግግር ሞከርን፤ ተቻለ። በአንድ ምንጭ የተጣሉ ሁለት መንደሮችን ማንንም ሳንመታ አስታረቅን፤ ከዚያ ወዲህ ባለፍን ቁጥር ሰዎቹ በስሟ ይጠሯት ጀመር። የሠራነውን አይረሳም፤ አልፈልግም ስንለው ይሰማል። ጉድለት አልነበረውም አልልም። መንገዱ ማለቂያ የለውም፣ የድልድዩ ጠባቂም ከአንድ ዐረፍተ ነገር ሌላ አያውቅም። ግን ያከብረን ነበር። ያንን የሠራውን ሰው ዛሬም እግዜር ይስጠው እላለሁ።

በጌሙ ላይ አዲስ አገር የሚጨምረውን ማስፋፊያ አንዲት የአስካለ ጓደኛ ከደብረ ብርሃን በሲዲ ይዛ መጣች። በተጫነ ማግስት እኔ ከእናቴ ጋር የታመመች አክስቴን ልጠይቅ ዘመሮ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ስንዱ በሩ ላይ ጠበቀችኝና እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

«ነይ እይ! ባሕር! ባሕር ደረስን!»

ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ውሃው እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ይንቀሳቀሳል፤ ማማሩን አልክድም። ወለተ ኪዳን ዳርቻው ላይ ቆማለች። ልብሷ ጥቁር ነው፤ ግንባሯ ላይ የማላውቀው ምልክት አለ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የአዲሱ አገር መግቢያ በር ላይ ነው። ለጣዖቱ ስገጂ፣ ደሙን ጠጪ ይላል።»

«እምቢ አትይም ነበር?»

«እምቢ የሚል የለውም እኮ!»

እውነቷን ነው። በኋላ ራሴ አየሁት፤ በሩ ላይ ያሉት መልሶች «እሺ» እና «ትንሽ ቆይቼ» ብቻ ናቸው። አንዴ ከተገባ የድሮዎቹ መንደሮች ይዘጋሉ። እኛ ደግሞ ጨዋታው የደረሰበትን ስናስቀምጥ አዲሱን ሴቭ ሁልጊዜ በአሮጌው ላይ ነበር የምንደርበው፤ መመለሻ አልነበረንም። ያንን ሁሉ ቀን ዳቦ በልታ ያገኘችው ጉልበት ከአንዲት ጽዋ ደም አነሰ። ያስታረቅናቸው ሰዎች ከበሩ ወዲያ ቀሩ። ይኸ ነው ያንገበገበኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ሰውን በትዕግሥት አሳድጎ፣ መምረጥ አስተምሮ፣ መጨረሻ ላይ ምርጫ መንሣት ምን የሚሉት ሥራ ነው? አዲስ አገር መጨመር ይቻላል፤ የነበረውን ማራከስ ግን ንቀት ነው።

ለሠሪዎቹ ይህን ማን ያደርስልኛል? ቁጣዬን በስንዱ ላይ አወረድሁት። ታይፕ የሚማሩ ሁለት ሰዎች እየሰሙ «ከሃዲ! በእኔ ስም ለጣዖት ሰገድሽ!» አልኋት።

«ባሕሩን ላሳይሽ ብዬ እኮ ነው» አለች። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ወደ ነፍስ አባታችን ሄጄ አለቀስሁ። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ሥዕል አይጠመቅም፤ አይክድምም። ስምሽ እግዚአብሔር ዘንድ እንዳለ አለ። ከልጅቱ ጋር ትነጋገራላችሁ?»

«አንነጋገርም፣ አባ።»

«እንግዲያው ንስሐው ስለ ኩርፊያሽ ነው። አርባ ስገጂና ታረቂያት።»

አርባውን ሰገድሁ። መታረቁን ለፍልሰታ ፍቺ አሳደርሁት፤ ከዚያ ለመስቀል፣ ከዚያ ለጥምቀት። ስንዱ አሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ለሥራ ወደ ዓለም ከተማ ሄደች፤ እዚያው አገባች። እኔም ደብረ ብርሃን ገባሁ። እናቴ የእሷን ወሬ ስታነሣ ጨዋታ እቀይር ነበር። ቂም አልነበረም፤ ያን ጊዜ የቀረኝ እፍረት ነበር። እፍረት ግን እንደ ቂም ያርቃል።

ዓምና አጎቴ ዐረፉ። ስንዱን በአባቷ ቀብር ላይ አገኘኋት። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ስንት ወለድሽ?» አለችኝ።

«ሦስት። አንቺስ?»

«ሁለት፤ ተመስገን።»

«ተመስገን» አልሁ። ከልቤ ነው።

ንፍሮ መጣልን። ከአንድ ሳህን ቆረጠምን። የልጆቼን ስም አልጠየቀችኝም፤ እኔም የልጆቿን አልጠየቅኋትም።