በቡሬ ሚስት፣ በቀዬዋ መበለት

አልጣሽ መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላትም። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ሳትደላደል ትነሳለች። "ምነው፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" ስላት "አንቺስ ንግሥቴ፣ እንደ ጉልቻ ተጎልተሽ ምን አተረፍሽ?" ትለኛለች። ጎረቤቴ ነበረች፤ አጥራችን አንድ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሉት ያኔ ወጀት ነበር፤ እኛ ከዚያ ዝቅ ብሎ ላህ ወንዝ ዳር ነበርን። የምነግራችሁ በጣልያን ጊዜ የሆነውን ነው። ወሬ አልቀጥልም፤ ያየሁትን ነው የምናገር።

ባሏ ላቀው ባንዳ ልሁን ብሎ አልሄደም። ሄደ የሚል ካለ እኔ ፊት አይበል! የጣልያን ጦር ለጭነት በቅሎውን ቢነዳበት "በቅሎዬን ሳልይዝ አልመለስም" ብሎ ተከተላቸው። ሞኝ! ቡሬ ሲደርሱ በቅሎህን አንተው ጫን አሉት። ቀጥለው ጠመንጃ አሸከሙት። ከዚያ በአሥመራ አድርገው ምፅዋ አወረዱትና በመርከብ ጥራብሎስ የሚባል፣ ዛሬ ሊቢያ የምትሉት ባሕር ማዶ ወሰዱት። በቅሎዋ ምን እንደ ሆነች እግዜር ይወቅ።

ያኔ ጫካ የገቡት አርበኞች የባንዳ ቤት ያቃጥላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ስንቱን ወንድማቸውን ባንዳ እየመራ አስፈጅቶባቸዋል። እሳት ግን ሰውየው ወዶ ሄደ ወይስ በበቅሎው ሰበብ ብሎ አይጠይቅም። ከወንዙ ማዶ አንድ ቤት ሲነድ ባየን ማግስት አልጣሽ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። "ላቀውን ባሕር በላው! መንገደኛ ነገረኝ!" አለች። ጠጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ከል ለበሰች። አርባው ሲደርስ ተዝካር አወጣች። ጠላውን የጠመቅነው እኔና እሷ ነን። ጋኑ ላይ ጎንበስ እንዳልን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ንግሥቴ፣ መንገደኛ የሚባል አልመጣም" አለችኝ። ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

"ምን አልሽ አንቺ ሴት?"

"የሙት ቤት አይቃጠልም። ዝም ብለሽ አማስዪ።"

እውነቷን ነበር። አርበኞቹ ራሳቸው መጥተው ጠላውን ጠጡ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። የላቀው እናት እማማ እማዋይሽ ግን አልተነገራቸውም። እንዴት ብሎ ይነገራቸዋል? አፋቸው መዝጊያ የለውም። አንድ ልጃቸውን ከልባቸው አለቀሱ። እንጉርጉሯቸውን በሰማሁ ቁጥር አልጣሽን እጠላት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ኑጉ ሲያብብ፣ አንድ ስሙ ደረሰ የሚባል የሽንዲ ሰው እግሩን ቆስሎ ከጥራብሎስ ተመለሰ። ገበያ ላይ አልጣሽን ለብቻዋ ጠርቶ "ላቀው ደኅና ነው። ነይልኝ ብሎሻል" አላት። ሚስትነቷ በቡሬው የጣልያን ሹም ፊት የተመሰከረላት ሴት የፈቃድ ወረቀት ይሰጣታል፤ በካሚዮን አሥመራ ትገባለች፤ ከዚያ በመርከብ ባሏ ዘንድ ትደርሳለች። "ግን ቶሎ በይ። ይህ ካሚዮን ከተነሣ ሌላ መኖሩን እንጃ" አላት።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልጣሽን የሚይዛት ጠፋ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብዬ ብተርትባት "ወተቷ ይቅርብኝ፣ ላሟን አይቼ ልሙት!" አለችኝ። ትወደው ነበር። በኛ አገር ሴት ባሏን እወዳለሁ ብላ አታወራም፤ እሷ ግን ታወራለች፣ አታፍርም።

መከራው ምን መሰላችሁ? በቡሬ ሚስት ናት፣ በቀዬዋ መበለት። ነጭ ልብሷን በአገልግል ትይዝና ማንኩሳን ስታልፍ ጥሻ ገብታ ከሏን ታወልቃለች። ስትመለስ እዚያው ጥሻ ገብታ ከሏን ታጠልቃለች። እኔም አብሬ እንከራተታለሁ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብላት ማን ይሰማኛል! ሹሙ ደጅ ሲያስጠናን ሲያስጠናን ከረመና ባስተርጓሚው በኩል "ያጋባሽን ቄስ አምጪ" አላት።

ቄሱ መምሬ ገብረ ሕይወት ናቸው። እሳቸው አቁርበው አጋቧቸው፤ ለላቀው ፍትሐት ያደረሱትም እሳቸው። የነፍስ አባቷም ስለሆኑ በንስሐ ነገረቻቸው። "በቁሙ ላለ ሰው ፍታት አስፈታሽኝ?" ብለው በመስቀላቸው ሊደቋት ምንም አልቀራቸው። ወገቧ እስኪቆረጥ ስግደት አዘዙባትና "እንግዲህ ባልና ሚስትን እግዚአብሔር ያገናኘው ነው" ብለው ተነሡ። መንገዱን ሁሉ "አባቴ፣ አለ ይበሉ። አለ ብቻ" ስትላቸው ሄደች። እሳቸውም "አለ፣ አለ" እያሉ ቡሬ ገባን።

አስተርጓሚው ወረቀቱን አየና "ላቀው ዘሩን ያውቁታል?" አላቸው።

መምሬም ወዲያው "ነፍስ ይማር!" አሉ።

ወይ ጉድ! ካፍ የወጣ አፋፍ። ተዝካሩን የበሉለት ሰው ስሙ ሲጠራ ቄስ ሌላ ምን ይላል? አፋቸው ለምዶ ነው። እጃቸውን ባፋቸው ላይ ጫኑ፤ አስተርጓሚው ግን ተርጉሞ ጨርሷል። ሹሙ ሣቀ። "የሞተ ሰው ሚስት የለችውም" አለ። አልጣሽ እግሩ ላይ ወደቀች፣ "ሕያው ነው፣ የራስህ ወታደር ነው!" እያለች ጮኸች። በመጨረሻ ሰለቸውና "ወላጁ መጥቶ ሕያው ነው፣ ሚስቱም ናት ካለ እጽፍልሻለሁ። ካሚዮኑ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ይነሣል" አላት።

አባቱ ዘሩ ከሞተ ቆይቷል። የቀሩት እማማ እማዋይሽ ብቻ ናቸው።

በገበያው ቀን ጨው እንገዛለን ብለን ይዘናቸው ወጣን። አልጣሽ መንገዱን ሁሉ ልትነግራቸው አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሹሙ ካለበት ምሽግ በር ላይ ስንደርስ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"እምዬ፣ ላቀው አልሞተም። ቤቱን እንዳያቃጥሉብን ብዬ እኔ ነኝ ሞተ ያልሁት።"

እማማ በጥፊ አጮሏት፤ እኔን ነው ያመመኝ። ወዲያው ደግሞ የመቷትን ጉንጭ ስመው እንባቸው ወረደ። "ልጄ አለ? ማርያምን በይ!" አሏት። "ማርያምን" አለች። ይህ ወሬ ካጥር እንዳይወጣ፣ ከላቸውንም እንዳያወልቁ ለመነቻቸው። "እሺ፣ እሺ" አሉ። እኔ እሺታቸውን አላመንሁም።

ሹሙ ፊት ቀርበው ሳይጠየቁ "ልጄ አለ! ይቺም ሚስቱ ናት፣ እኔ ነኝ የዳርኋቸው!" አሉና አውራ ጣታቸውን ተጫኑ። ማኅተሙ ወረደ። አልጣሽ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ወሽቃ ወደ ካሚዮኑ ሮጠች። ስንት ሳምንት የባከነችለት ነገር ይኸው በእጇ ገባ። ተሳፍራ ከላይ ሆና ስትሥቅ አየኋት፤ እንደዚያ ስትሥቅ ያየኋት በሰርጓ ቀን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው እማማ እማዋይሽ ገበያው መካከል ቆመው ከላቸውን ከላያቸው ገፈው የጣሉት። እልል አሉ! "ልጄ አለ! ላቀው አለ! ጥራብሎስ ነው ያለ፣ የጣልያን ወታደር ሆኗል፣ ሚስቱም ልትሄድለት ነው!" ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። እጅጉ የሚባል ጨው ነጋዴ አለ፤ የአርበኞቹ ጆሮ መሆኑን ከጣልያን በቀር የማያውቅ የለም። መጥቶ ክንዴን ያዘኝና "ዝም አሰኚያቸው እንጂ ንግሥቴ፣ አልሰማሁም እንዳልል ሰው ሁሉ እየሰማ ነው" አለኝ። አፋቸውን ልይዝ ብሞክር ነከሱኝ። ደስታ ነው፣ ምን ታደርጓቸዋላችሁ።

ቀና ስል አልጣሽ ካሚዮኑ ላይ ቆማለች። ሣቋ ጠፍቷል። እሷም እንደ እኔ ገብቷታል፤ ቤቱ ዛሬ ወይ ነገ ይነድዳል፣ አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው፣ የባንዳ እናት ብሎ የሚያስጠጋቸው የለም። ሞተሩ ተነሣ። "ሂጂ! እኔ አለሁላቸው! ሂጂ አንቺ!" ብዬ ጮኽሁ። ከልቤ ነበር። አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ አላመነችኝም። ነጠላዋን ወረወረች፣ ተከትላ ዘለለች። ካሚዮኑ አቧራውን አልብሷት ሄደ።

ቤታቸው ነደደ። ቀድመን ደርሰን እህሉን በከፊል አወጣን፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እኔ ቤት ኖሩ። ሌላ ካሚዮን አልመጣም። ጣልያን ሲወጣ የመጣ መጣ፣ ላቀው ግን በዚያው ቀረ፤ ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። አልጣሽም ሌላ ባል አላገባችም።

እማማ እማዋይሽን እስከ መጨረሻው ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ አዝላ ደጅ ያወጣች እሷ ናት። እሳቸው ግን ያን ቀን ከካሚዮኑ ለምን እንደ ወረደች አልገባቸውም። እኔ ልናገር ስነሣ አልጣሽ በዓይኗ ትከለክለኛለች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር በጣታቸው እያሳዩ "ይቺ ናት፣ ባሏ ነይ ብሎ ጠርቷት እንቢ ያለች" ይላሉ። እሷም አጎንብሳ እግራቸውን እያጠበች "እውነትዎን ነው እምዬ" ትላቸዋለች።