የዘመነ ዮሐንስ ሳቢሳ

ዕንባቆም ሰው ሲቆጣጠር ያረጀ ሰው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ስቶክሆልም ውስጥ፣ ቬሊንግቢ የምድር ባቡር ጣቢያ መግቢያ ላይ፣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ማን ትኬት ይዞ እንደገባና ማን በሰው ጀርባ ተለጥፎ ሾልኮ እንዳለፈ ሲያይ ኖረ። ጡረታው ሲቃረብ ወፍ መቁጠር ቢጀምር ሚስቱ ብርቅአየሁ «ሰው ሲያልቅበት ወደ ሰማይ ዞረ» ብላ ተረበችው። እሷ የሄምቼንስት፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ናት፤ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ስታጥብና ስታበላ ትውላለች፤ ማታ ስትመለስ የባሏ ቦት ጫማ ጭቃውን ኮሪደሩ ላይ አራግፎ ይጠብቃታል።

ወፉን ያስለመዱት ጉኔል ናቸው። ጉኔል፣ ሄሰልቢ በሚባለው ሰፈር፣ እነ ዕንባቆም በሚኖሩበት ሕንጻ ላይ፣ ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ስዊድንኛ አንቱታ የለውም፤ ሚኒስትሩም አንተ ነው፣ ሕፃኑም አንተ ነው። ዕንባቆም ግን አፉ አንቺ ቢልም ልቡ ጉኔልን አንቱ ሳይል ውሎ አያውቅም። በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጡት ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ እሱን ያላስተማረ ሰው የለም፤ ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ፣ የልብስ ማጠቢያ ተራ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሁሉም እሱ የማያውቀውን ነው የሚነግረው። «አንተስ ምን ታውቃለህ?» ብለው የጠየቁት ጉኔል ብቻ ናቸው። የዝዋይ ልጅ ነኝ፣ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፣ ወፍ አውቃለሁ አላቸው። በነጋታው የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥለውለት ይዘውት ወጡ።

ከሄሰልቢ ወዲያ፣ ሜላረን ሐይቅ ዳር፣ ላሞች የሚግጡበት ረግራጋ ሜዳ አለ። የሁለቱም ሜዳ ያ ሆነ። በስቶክሆልም ዙሪያ ያሉ ወፍ ተመልካቾች፣ ከባሕሩ ደሴቶች ጀምሮ እስከዚህ ሜዳ ድረስ፣ ያዩትን ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ያስገባሉ። ያልተለመደ ወፍ አየሁ የሚል ሲመጣ ራፖርት ኮሚቴ የሚባሉ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ይመረምሩታል፤ ያው እንደ አገር ቤት ሽምግልና ነው፣ ጠላው ብቻ ይቀረዋል። የጉኔል ሕግ አጭር ነበር። «ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ብዛት። ያላየኸውን አትጻፍ፣ ያየኸውን አትተው።»

ዕንባቆም ይህን ሕግ እንደ ዳዊት ደገመው። ብቻ በራሱ መንገድ ነበር። የሜዳ ደብተሩን የሚጽፈው በአማርኛ፣ ቀኑንም የሚቆጥረው በእኛው አቆጣጠር ነው። ጾሙን፣ በዓሉን፣ የእናቱን ሙት ዓመት የያዘው በዚያ ነውና ሌላ ቀን ራሱ ውስጥ አይገባለትም። ወሩ ሲያልቅ ቬሊንግቢ ቤተ መጻሕፍት ይሄድና የጻፈውን ወደ ስዊድኖቹ ቀን እየመለሰ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስገባል። ለዚህ ሲል በደብተሩ ሽፋን ውስጥ በማስመሪያ የተሠመረ ሰንጠረዥ ሠርቶ ለጥፏል፤ መስከረም አንድ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ፣ ጥቅምት አንድ ኦክቶበር አሥራ አንድ፣ እያለ ይወርዳል። ልጁ ሄኒ አንድ ቀን አይታ በስዊድንኛ «ፓፓ፣ ስልክህ እኮ ቀኑን ራሱ ይጽፍልሃል» አለችው። «ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት አይጠፋም» ብሎ በአማርኛ መለሰላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለውን ተረት ያን ጊዜ ቢያስታውሰው ደግ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥቅምት፣ ጉኔል ሜዳው ላይ አንዲት ወፍ አዩ። እነ ዕንባቆም አገር ሳቢሳ ይሏታል፤ ከብት ተከትላ የምትሄድ፣ ሲያሻት ላም ጀርባ ላይ ፊጥ የምትል ትንሽ ነጭ ወፍ ናት። ዝዋይ ላይ ከዶሮ አትለይም። እዚህ ግን ታየች ከተባለ ስንቱ መኪናውን አስነስቶ ይመጣል። ጉኔል እንደ ዕንባቆም ሁሉ የወረቀት ሰው ስለነበሩ ለማንም አልደወሉም፤ ወሩ ሲያልቅ ከሌላው ጋር ጽፈው ለኮሚቴው በፖስታ ላኩት። «ኦክቶበር 13፣ ጧት፣ ሃያ ደቂቃ፣ በላሞቹ መካከል፣ አንድ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኮሚቴው ሮላንድ የሚባለው ሰው ለዕንባቆም ደወለ። በመዝገቡ ላይ ዕንባቆም በዚያችው ቀን፣ በዚያው ሜዳ፣ ከጧት እስከ ቀትር እንደነበረ ተጽፏል። ያየውም ሳቢሳን ሳይሆን ዘመዷን፣ በየመጸው ከሜዳው የማትጠፋውን አንገተ ረጅሟን ትልቅ ነጭ ወፍ ነው።

«አንተ ይህችን ትንሿን ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቃታለህ» አለ ሮላንድ። «ከእኛ ሁሉ ይበልጥ አንተ ትለያታለህ። እርግጠኛ ነህ?»

ዕንባቆም ደረቱ ሞላ። በዚህ አገር አዋቂ ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር። ደብተሩን ገለጠ፤ ጥቅምት 3፣ አንገተ ረጅሟ አንድ፣ በላሞቹ መካከል፣ ሌላ ነጭ ወፍ የለም። ጣቱን በሰንጠረዡ ላይ አወረደ፤ ኦክቶበር 13። አንድ ፎቅ ወርዶ የጉኔልን በር ማንኳኳት ይችል ነበር። አልወረደም።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ።

የጉኔል ወፍ ተሰረዘች። ኮሚቴው በትሕትና ነው የጻፈው፤ ምናልባት ትልቋ ወፍ ከሩቅ ትንሽ መስላ ታይታ ይሆናል ብሎ። ይሁን እንጂ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ባለፈው ዓመት ያስመዘገቧት ጭልፊትም ተጠረጠረች፤ የካቻምናዋ ጉጉትም ተጠረጠረች። ልጃቸው ከማልሞ መጥቶ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው፤ ሐኪሙም እንደ ዕድሜያቸው ነው አለ፤ ይህ ደግሞ ለጠረጠረ ሰው የፈለገውን ማለት ይሆናል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ዕንባቆምን አስቁመው፣ «እርግጠኛ ነበርኩ። ከእንግዲህ ግን የማየውን አላውቅም» አሉት። እሱም ከማጽናኛ ሁሉ የከፋውን መርጦ፣ «ይሁን፣ ሁላችንም እንሳሳታለን» አላቸው። በጸደይ ቤታቸውን ለቀው ሃግሴትራ አረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ሁለት ጊዜ ሄዶ ጠየቃቸው። ስለ ወፍ ሲያነሣ ወሬ ይለውጣሉ። ከዚያ በኋላ መሄዱን ተወው።

ዘንድሮ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ዕንባቆምን ቬሊንግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው። «ስምንት መጸው በአንድ ሜዳ» ይላል ማስታወቂያው፤ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተሮቹን ሁሉ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ለሰው የሚነገር ነገር እየፈለገ ሲያነብ፣ ከዚያች የጥቅምት 3 ገጽ ደረሰ። ከታች፣ ጠርዙ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ ቆምኩ።»

አልፎ ሊሄድ ነበር። ከዚያ እጁ ቆመ። ስልኩን አንሥቶ የዚያን ዓመት ኦክቶበር 13 ፈለገ። ዓርብ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ለማመን ነው ጊዜ የወሰደበት። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከእሱ በፊት ሉቃስ አልፏል፤ ጳጉሜ ስድስት ሆናለች፤ አዲስ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ወንጌላዊው ሲለወጥ በጆሮው ሰምቷል! ሰንጠረዡ ግን ጳጉሜ ስድስትን አያውቃትም። ከመስከረም እስከ የካቲት ያስገባው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ጉኔል ሳቢሳዋን ያዩት ዓርብ ነው። እሱ ሜዳው ላይ የነበረው በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ወፏ ከሄደች በኋላ ነው።

ሦስት ቀን ለማንም አልነገረም። ሰንጠረዡን ቀዶ ሊጥለው ፈለገና መልሶ ተወው። መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ የሚያሳፍር ነበር፤ ደብተሩ በአማርኛ ነው፣ በዚህ ከተማ ሮላንድ ዘንድ ሄዶ የሚያነብለት ማን አለ? ቢናገር ከስድስት መቶ በላይ ሪፖርቱ ይጠረጠራል፤ አራት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጥር ሌላ ዘመነ ዮሐንስ አለና ያም ይበላሻል። ንግግሩም ይቀራል። ስምንት ዓመት የሠራው ስም ነው። ማታ ማታ ለራሱ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይልና ጧት ሲነሣ አፉ ይመረዋል።

በአራተኛው ቀን ብርቅአየሁ ሳህኑን ከፊቱ አነሣች። «ምግቡን ነው የጠላኸው ወይስ እኔን?» አለች። ነገራት።

ቁጭ አለች። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። «የሄኒ አባት፣» አለች፣ «እኔ ስንቷን አሮጊት አጥባለሁ መሰለህ። የሚያለቅሱት ሞትን ፈርተው አይደለም። የሚያምነን አጣን ብለው ነው። አንዷ መነጽሬን እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት ስትል ልጇ በዓይኑ ይጠቅሰኛል፤ መነጽሩ ደግሞ እዚያው ነው ያለው።»

«ስሜስ?»

«ስምህን ተወው አሁን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሴትዮዋ ግን ስንት ቀን የሚያድሩ መሰለህ?»

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ለሮላንድ ጻፈ። ጳጉሜን ለስዊድናዊ ማስረዳት ራሱን የቻለ መከራ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ደመሰሰው። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ስለ ግልጽነቱ ያመሰግኑታል። የሁለቱ ዓመት ሪፖርቶች ተጣርተው እስኪያልቁ ተይዘው ይቆያሉ፤ ንግግሩ ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ ይሻላል። የጉኔል ጉዳይ እንደገና ይታያል፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ግን በመጋቢት ነው። ዕንባቆም ከሁሉ ይበልጥ ይህች መጋቢት አናደደችው። ለመሰረዝ ሦስት ሳምንት በቅቷቸው ነበር። ወዲያው ደግሞ ያሰረዘው ማን እንደሆነ ትዝ አለውና ንዴቱ በራሱ ላይ ዞረ።

ከሄሰልቢ እስከ ሃግሴትራ አንድ ባቡር ነው፤ ከመነሻው ተሳፍሮ መጨረሻው ላይ መውረድ ነው። ቬሊንግቢ ላይ የድሮ ክፍሉን በመስኮት አሻግሮ ሊያይ አንገቱን አሰገገና ተወው። አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ የሚለውን እያዘጋጀ ሄደ፤ ሲወርድ አንዱም አልቀረለትም።

ጉኔል ወንበራቸው መስኮት አጠገብ ነበር። ድሮ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት የነበረው የሩቅ ማያ መነጽራቸው የለም። ለልጅ ልጄ ሰጠሁት አሉ። ከመስኮቱ ውጭ ዛፉ ላይ ሠራተኞቹ ለወፍ የሰቀሉት የፍሬ ዕቃ ይወዛወዛል። ዕንባቆም ሳይቀመጥ ጀመረ። ሰንጠረዡን አውጥቶ አሳያቸው፣ ጳጉሜን በጣቱ ቆጠረላቸው። እንደ አስተማሪነታቸው ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«ታዲያ ዓርብ ጧት አንተ እዚያ አልነበርክም» አሉ።

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ አይቻታለሁ።»

«አይተዋታል።»

«ልጄ ገፍቶኝ ይመስልሃል ቤቴን የለቀቅኩት?» አሉ ጉኔል። «ልጄስ ሲለምነኝ ዓመታት ሆኖታል። እኔ ነኝ ራሴን ማመን ያቃተኝ። ምድጃውን አጥፍቼው ወጥቼ አላጠፋሁትም እያልኩ ከአውቶቡስ ላይ እመለስ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ዕንባቆም። ስዊድንኛው ሳይበቃው ቀርቶ በአማርኛ ነበር የወጣለት። ምን እንዳለ አልጠየቁትም። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉትም።

ውጭው መደንገዝ ጀምሮ ነበር፤ በኅዳር እዚህ አገር ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይጨልማል። አንድ ትንሽ ነገር በርሮ መጣና የፍሬው ዕቃ ላይ ተንጠለጠለ።

«ምንድን ነው የመጣው?» አሉ ጉኔል። «ለእኔ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ታልጎክሰ ናት» አለ ዕንባቆም ወዲያው፤ ሆደ ቢጫዋ፣ ክረምቱን ሁሉ ከሰው መስኮት የማትርቀው።

ጉኔል ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። «እርግጠኛ ነህ?»

ዕንባቆም የዓይን መነጽሩን አውልቆ በሻርቡ ጠረገው፤ ወደ መስኮቱ ሄዶ ግንባሩን ከመስታወቱ አስጠግቶ አየ። ወፏ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ሆዷ አይታይም፤ ቀለሟ ከግንዱ ጋር አንድ ሆኗል።

«አይደለሁም» አለ።

«እንግዲያው አትጻፈው» አሉት ጉኔል።