ከጩኸቴ በፊት የጠረግሁት ቄጠማ

ባሌ አያውቅም፤ ነፍስ አባቴም አያውቁም። ጾም በገባ ቁጥር ኃጢአቴን ስናገር ይህቺን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ለአንተ፣ ለማታውቀኝ፣ ልንገርህ።

አማቴን አባባ እላቸዋለሁ። ቂሊንጦ የነበረው እርሻቸው ፋብሪካ ሲሆን እኛ ጋ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም መጡ። ከበረንዳው ቁልቁል እያዩ "ያ ሰማያዊ ጣሪያ ያለበት ጤፍ ነበር" ይሉኛል። አብሬአቸው ሳይ ሳይ ጣሪያው በነፋስ የሚወዛወዝ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ብቻቸውን ወርደው፣ ባለ ባጃጆቹን ሰላም እያሉ እስከ አስፋልቱ ይሄዳሉ። ያቺ መንገድ ኩራታቸው ነበረች።

ለእንቁጣጣሽ ወለሉን አጥቤ ሳይደርቅ ቄጠማ ጎዘጎዝኩበት። ቄጠማ የሌለበት በዓል ምኑን በዓል ሆነ? አባባ ብቅ ብለው ሴራሚኩን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። "ልጄ፣ የአፈር ወለል ቄጠማውን ይይዘዋል፤ ይሄ ግን ያንሸራትታል። ከመተላለፊያው ላይ እንኳ አንሺልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። አላነሳሁም። እንግዳ ሲገባ ባዶ ወለል እንዳያይብኝ ብዬ አላነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ባሌ እንግዶቹን ሊሸኝ ወረደ። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ጆንያ መሬት ሲያስቀምጡት እንደሚሰማው ነው። ስወጣ አባባ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ራሳቸውን ግድግዳው መትቷቸው ዓይናቸው ተከድኗል። ከጫማቸው ሥር ቄጠማ ተጨፍልቋል። እኔ ምን አደረግሁ? መጥረጊያ አነሳሁ። አዎ፣ እኔ። ሁሉ ነገር ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀስ ይል ነበር፤ እጄ የሰው እጅ መሰለኝ። ግን የእኔ ነበር። መጀመሪያ ጠረግሁ፤ ከዚያ ጮህኩ።

"ራሳቸውን አዙሯቸው ነው" አልኩ። ባሌ አመነኝ። ሐኪሙም አመነኝ። የዚያን ቀን ነገር ከአእምሯቸው ጠፍቶ ነበርና፣ አባባም አመኑኝ።

የተሰበረው የዳሌ አጥንታቸው ዳነ። ሐኪሙ "ይሂዱ፤ መቀመጡ ነው የሚጎዳዎት" አላቸው። ባሌ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚይዙት ብረት አስተከለላቸው። እሳቸው ግን ወንበራቸውን አይለቁም። እግራቸውን ያምኑታል፤ ራሳቸውን ግን ፈሩት። ያ ፍርሃት የእኔ ሥራ ነው።

አንዳንዴ ልብስ ሳሰጣ ታች ሲሄዱ አያቸዋለሁ፤ ነጭ ጋቢያቸው በባጃጆቹ መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ዞር ስል ወንበራቸው ላይ ናቸው።

ለምን አልነግራቸውም? ባሌን ስለምፈራ? እሱም አለበት። የአባባን ፊት ማየት ግን ይብስብኛል።

ትናንት ጠዋት ወንበሩን ተደግፈው ብድግ አሉ። ቆሙ። ጉልበታቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ልጄ፣ ዛሬስ ያዞረኝ ይሆን?"

አያዞርዎትም፤ ያን ቀንም አላዞረዎትም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ቢቀመጡ ይሻላል፣ አባባ" አልኳቸው። እሺ ብለው ተቀመጡ።

የድሮ ኃጢአት ልነግርህ ነበር የጀመርኩት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ትናንትም ሠርቼዋለሁ።