ስንት የፈረስ ጉልበት

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ሲታይ ቀላል ነበር፤ የዞናችን ኢንዱስትሪ ከድሮ እስከ ዛሬ ምን ያህል አደገ? እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራችን የአገር ዕድገት በሞተሮች ጉልበት ይለካል ብለውናል። የትናንቱን ደምሮ ከዛሬው ጋር ማስተያየት ነው፣ ምን ችግር አለው? በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄጄ ከአክስቴ ወፍጮ ቤት ጀመርኩ።

አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን ብቻቸውን ነው የያዙት። የዳንግላ ነጋዴ ሞተሩን ልግዛዎት ብሏቸው፣ መሸጥ አለመሸጡን መወሰን አቅቷቸው፣ የተማረ ሰው ይንገረኝ ብለው ሲጠብቁኝ ኖረዋል።

«ወፍጮው ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» አልኳቸው።

«ዛሬ? ሁለት ቢመጣ ነው። ቅዳሜ ትንሽ ይሻላል።»

«በፊትስ?»

«አጎትህ እያለ? ኧረ ግቢው አይበቃም ነበር። አጥሩ ዙሪያ ነበር የሚታሰር።»

ግራ ገባኝ። የድሮው የናፍጣ ሞተር ትንሽ ነበር፤ የአሁኑ በመብራት የሚሠራ፣ ትልቅ ነው። እንዴት ጉልበቱ ያንሳል? ደግሞስ ምኑ ነው የሚታሰረው? ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አክስቴ የሚቆጥሩት እህል ጭነው የሚመጡትን ፈረሶች ነው። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ የድሮው እጥፍ ነው። ደጅ ግን ወረፋ የሚባል የለም። ጤፍና ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ለብሷል። ታዲያ ከሰሉ ኢንዱስትሪ ነው ወይስ ግብርና? ለመምህሬ ደወልኩ። «እሱን ለጊዜው ተወው» አሉኝ። ይብስ ተምታታብኝ፣ ተናደድኩም።

«በል እንግዲህ፣ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» አሉ አክስቴ።

«በጥናቱ መሠረት እኮ አድገዋል።»

«ካደግሁ የምፈጨው የታለ ልጄ?»

አንዴ ይያዙት ልላቸው ያምረኛል፣ አንዴ ይሽጡት፤ አንዱንም ሳልመርጥላቸው ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሞተሩ በጭነት መኪና ዳንግላ ሄደ። የዞኑን ድምር ደግሜ ሠራሁት፤ ዳንግላም ያው ዞናችን ነውና ምንም የጎደለ ነገር የለም። አክስቴ ግን ሲነጋ ተነስተው ነጠላቸውን ይለብሱና፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግራ ገብቷቸው መልሰው ይቀመጣሉ።