ወተት የሌለው ጀላቲ ፍለጋ

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ላምበረት

ዛሬ ከቤት የወጣሁት አይስክሬም ልገዛ ነው። እናቴ ቶንሲሏን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር፣ በተለይ አይስክሬም እንድትበላ አዟል። ልጅ ሆኜ «ቶንሲል ያመጣብሻል» እያለች ጀላቲ ስትከለክለኝ የኖረችው እሷው ናት፤ ትእዛዙን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። አሁን ግን ሳቅ የለም። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፣ እማዬ ደግሞ ወተት ያለበትን ነገር ወደ አፏ አታስጠጋም። የንስሐ አባቷ ደውለው «ሕመምተኛ ነሽ፣ ተፈቅዶልሻል» ቢሏትም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከውኃ በቀር የቀመሰችው የለም። እስከ ማታ ካልበላች ሐኪም ቤት ተመልሳ ጉሉኮስ ሊሰካላት ነው።

ሦስት ቀን ተጨቃጭቀናል። በእርግጥ የተጨቃጨቅኩት እኔ ነኝ፤ እሷ መናገር ስለማትችል በእጇ ነበር የምትመልስልኝ። «አይስክሬም ያለ ወተት የትም አገር የለም» ብያታለሁ፣ የተማርኩ መስሎኝ። ዛሬ ግን የጾም ይገኝ እንደሆነ ልሞክር ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ፣ ወደ መገናኛ

መንገዱ ስለተዘጋጋ ስልኬን አውጥቼ የአይስክሬምን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አፌን በእጄ አስያዘኝ። ፋርሶች በረሃ መሐል ወፍራም የጭቃ ግንብ ሠርተው በብርድ ወራት የሰበሰቡትን በረዶ እስከ ሙቀቱ ወራት ያቆዩ ነበር፤ ጣፋጭ ጭማቂ አፍስሰውበት ይበሉታል። ዐረቦቹ ጣፋጭ መጠጣቸውን ሸርባት ይሉታል። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ጣሊያን ሲደርስ በበረዶ የተሠራ ጣፋጭ መጠሪያ ሆነ። ወተትና ክሬም ጎልተው የገቡበት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ከጣሊያን የወሰድነው ጀላቲ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ «የቀዘቀዘ» ብቻ ነው። ወተት በስሙ ውስጥም የለም። ወራጅ ማለት ረስቼ መገናኛን ላልፍ ምንም አልቀረኝም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሃያ ሁለት

አንድ ካፌ በር ላይ «የጾም አይስክሬም አለ» የሚል ወረቀት አየሁ። አስተናጋጇ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ደስ ይላል።

«ቫኒላም ስትሮቤሪም አለ። ሁለቱም ፋስቲንግ ነው» አለችኝ።

ዋጋው መቶ ሰማንያ ብር። ከመክፈሌ በፊት የዱቄቱን ከረጢት እንድታሳየኝ ለመንኳት። ጀርባው ላይ የወተት ዱቄት እንዳለበት ተጽፏል።

«ውይ፣ ሶሪ። በውኃ ስለምንበጠብጠው እኮ የጾም ነው ብለን ነው።»

እውነቷን ነው፣ ውሸታም አልነበረችም። እኔ ግን ልሆን ምንም አልቀረኝም። እማዬ ከረጢቱን አታይ፣ ምን ታውቃለች ብዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ቆየሁ። አፈርኩና ሳልገዛ ተውኩት። ልጅቷ ሐሳቤ የገባት ይመስል፣ ቦሌ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መታጠፊያ አካባቢ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ከፍራፍሬ ብቻ እንደሚሠሩ ነገረችኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ቦሌ

ጋሽ ከድር የአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚሰናዳበት ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። አሁን በአንዲት ጠባብ ክፍል አንድ ማሽን አላቸው።

«ምን ምን አለበት?»

«ማንጎ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ውኃ። በቃ።»

ከረጢት እንደማልጠይቃቸው ገባኝ፤ ማንጎው ፊቴ ተልጦ ተቀምጧል። ጣፍጦ እንደሆነ ቀምሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ጾመኛ ነኝ የኔ ልጅ። ረመዳን አይደል?»

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች መግጠማቸውን ረስቼው ነበር። «ታዲያ በምን ያውቁታል?»

«በእጅ ልምድ። አንዳንዴ እሳሳታለሁ።»

ላምበረት ድረስ እንደምወስደው ስነግራቸው «እስክትደርሺ ሾርባ ይሆናል» አሉና የተፈጨ በረዶ ባልዲ ውስጥ ሞልተው ጨው ነሰነሱበት። ክዳን ያለውን ዕቃ መሐሉ ቀበሩት። ጨው በረዶ ያቀልጣል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ ብዬ ተከራከርኩ።

«ያቀልጠዋል። ሲቀልጥ ግን ሙቀቱን ከጀላቲው ይስባል። ማሽን ሳይመጣ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሠራው።»

አራት መቶ ብር ከፍዬ ስልክ ቁጥራቸውን ያዝኩ።

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

ስመለስ የታክሲው ሾፌር ባልዲውን በመስታወት አይቶ «እህት፣ ዓሣ ከሆነ ሌላ ያዢ» ብሎኝ ነበር። ባልዲውን የታቀፍኩበት ጉልበቴ በቅዝቃዜው ደንዝዟል፤ ጀላቲው ግን ድንጋይ እንደሆነ ደረሰ።

እማዬ ዕቃውን አይታ በሁለት እጇ ላም የምታልብ አስመሰለች። ወተት የለበትም ብዬ የሃያ ሁለቱን ከረጢትና እኔ ያሰብኩትን ጭምር ሳልደብቅ ነገርኳት። ማንኪያውን በጣቷ አመለከተችኝና አፏን ከፈተች። የመጀመሪያውን ስትውጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለተኛውን ራሷ ጨለፈች። ያልተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ የቀዘቀዘ ጣፋጭ ያለ ወተት ስንት ዘመን ኖሯል፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የታመመች እናቴን ስገስጽ ከረምኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ዕቃው ባዶ ሲሆን የሠራው ማን እንደሆነ በእጇ ጠየቀችኝ። ስለ ጋሽ ከድርና ስለ ጾማቸው ነገርኳት። ማንኪያውን አስቀመጠች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያልሰማሁት ድምጿ ሻክሮ ወጣ።

«ደውይላቸው» አለችኝ፤ «ስኳሩ ልክ ነው በያቸው።»