በፈረንሳይኛ የተነሣው ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተሮቹ የመጡልን በባቡር ነበር። ሁለት ናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ከርመው፣ በአዲስ ሲተኩ ወደኛ የተገፉ አሮጌዎች ነበሩ። እኔ ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአስተዳደር ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ነው፤ ማብቂያ መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም።

ኃላፊዬ ሳጥኖቹን አስከፍተው ካዩ በኋላ፣ አንገታቸው ላይ የማይለየውን ፎጣ እያስተካከሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ታይፕ ትችያለሽ። ይሄም ያው ታይፕ ነው» አሉኝ።

የሁለት ሳምንት ኮርስ አዲስ አበባ ልከውኝ ነበርና አልተከራከርኩም። ኮርሱ ላይ ግን ስንገባ ማሽኖቹን አስተማሪው አስነሥቶ ይጠብቀናል፤ ስንወጣም የሚያጠፋው እሱ ነው። ኮምፒዩተር መነሣት የሚባል ነገር እንዳለበት እንኳ አላውቅም ነበር።

ሳጥኖቹን የከፈተልን የፋብሪካው ኤሌክትሪሽያን ነው። የመጋላ ልጅ ነው፤ በእናቱ ኦሮምኛ፣ በሰፈሩ ሶማሊኛ፣ ከኛ ጋር አማርኛ ይናገራል፣ ሲቸኩል ሦስቱን ይቀላቅላቸዋል። ማንንም አንቱ አይልም፣ ኃላፊዬንም ቢሆን። የመጀመሪያውን ማሽን ሰካው፤ ጭስ ሸተተን፤ ነቀለው። ሁለተኛው ግን ማጓራት ጀመረ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይም አረንጓዴ ፊደሎች ወጡ። ተጠጋን። እንግሊዝኛ መስሎኝ ማንበብ ጀመርኩ፤ ግን እንግሊዝኛ አይደለም።

«ፈረንሳይኛ ነው አቦ። ይሄ ማሽን የባቡር ሠራተኛ ነበር እንዴ?» አለ።

ጽሑፉን በወረቀት ገለበጥኩትና ለምሳ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበሩ። ፈረንሳይኛውን የተማሩት በልጅነታቸው ከካቶሊክ ቄሶች ትምህርት ቤት ነው፤ ባቡር ላይ ደግሞ የሥራ ቋንቋቸው ሆነ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ከከዚራው ቤታችን በረንዳ አይነሡም። በእርግጥ ዝምታቸው ከጡረታው ይቀድማል። ታላቅ ወንድሜ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ጀምሮ፣ በቤታችን ወሬ የሚባለውን ነገር የያዝነው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

ወረቀቱን መነጽራቸውን ሳያደርጉ ራቅ አድርገው አነበቡት።

«ዲስኩ ማስነሻ የለውም፣ ወይም ተበላሽቷል። ቀይሩና አንድ ቁልፍ ምቱ፣ ይላል።»

«ምቱ? ተጫኑ ማለቱ ነው?»

«ምቱ ነው። ፍራፔ። እኛም ቴሌግራፍ ላይ ‹መታሁት› ነው የምንለው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። ፈገግታውን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ፤ እሱም በፈረንሳይኛ። ማሽኑን መጀመሪያ የተጠቀመበት መሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፉን ለአባቴ ወሰድኩላቸው። አንድ ሳምንት በረንዳው ላይ አነበቡት፤ ጎን ለጎን በትንሽ ደብተር ላይ በአማርኛ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ «ይሄ ዕቃ በራሱ ምንም አያውቅም። ዓይንም ጆሮም እንዳለው እንኳ የሚነግረው ያ ማስነሻ የሚባለው ነው። እሱ ያለው ዲስኬት ላይ ነው፤ ዲስኬቶቹን ደግሞ አልላኩላችሁም» አሉኝ።

ዲስኬቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጅቡቲ ድረስ የሚመላለስ የባቡር ተቆጣጣሪ ወዳጅ ነበራቸው። እዚያ አንድ ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ዘመዱ ነግሮ፣ ዘመዱ ቅጂውን አውጥቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣልን። ሁለት ጥቁር፣ ስስ፣ እንደ ወረቀት የሚተጣጠፉ ነገሮች ናቸው። አባቴ ሙቀት እንዳይነካቸው ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ ወደሆነው ቦታ፣ ከውኃ ጋኑ ጀርባ አስቀመጧቸው፤ እናቴ ደግሞ ይረጥባሉ ብላ አነሣቻቸው።

ኃላፊዬ አባቴ ቢሮ እንዲገቡ ፈቀዱ። ጠዋት ከበር ዘበኛው ጋር ስማቸውን አስመዝግበው፣ የተተኮሰ ካኪ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ኤሌክትሪሽያኑ ፈረንሳይኛ ሲያነቡ እንደ ሰማ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ» ይላቸው ጀመር። «ሙሴ፣ አንተ እዚህ ተቀመጥ፣ እዚህ ነፋስ አለ» ይላል። አባቴ ቤት ውስጥ አንቱ ካልተባሉ የሚቆጡ ሰው ናቸው፤ ከሱ አፍ ሲሰሙት ግን ወደዱት።

ዲስኬቱን አስገባን። ማሽኑ አንገራገረና ተነሣ። አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ አባቴ አነበቡት፦ «በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?» እኔ በኮርሱ እንደተማርኩት «የስ» ለማለት «ዋይ» የሚለውን ፊደል መታሁ። ዝም አለ። ደገምኩ። አሁንም ዝም።

«በፈረንሳይኛ ጠይቆሽ በእንግሊዝኛ እየመለስሽለት ነው። ኦ በይው፤ ዊ ማለት ነው» አሉ አባቴ።

ኦን መታሁ፤ ሥራውን ጀመረ። ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመርን። በማግሥቱ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የተነሣው አቧራ ክፍሉን ሞልቶ ዲስኬቱ አልነበብ አለ፤ ኤሌክትሪሽያኑ በሻሽ ጨርቅ አባብሎ አጸዳው። በሦስተኛው ቀን ዲስኬቱን አውጥተን ማሽኑን ብናበራው ብቻውን ተነሣ። አባቴ እጃቸውን ወደ ቁልፎቹ ዘርግተው «አንድ ልምታ?» ብለው ጠየቁኝ።

ችግሩ ሌላ መጣ። ኤ ስመታ ኪው ይወጣል። ማስነሻው ቁልፎቹን እንደ ፈረንሳይ አሰላለፍ ነው የሚቆጥራቸው። አባቴ ከሲጋራ ወረቀት ትናንሽ ቁራጮች እየቆረጡ፣ ትክክለኛውን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ እየጻፉ ቁልፎቹ ላይ ለጠፉ። በላብ ስለሚላቀቁ በየሳምንቱ እየመጡ ያድሷቸዋል። አሁን ሳስበው፣ በየሳምንቱ የመጡት ለወረቀቶቹ ብቻ አልነበረም።

ከኮምፒዩተሮቹ ጋር የመጣውን ፕሪንተር የሚያገናኘው ካርድ በኛ ማሽን ውስጥ አልነበረም። ኤሌክትሪሽያኑ የተቃጠለውን ማሽን ሆዱን ከፍቶ አንድ ካርድ ይዞ መጣ፤ ጠርዙ ወርቃማ ጥርስ አለው። ብንሰካው አልሠራ አለ። ነቅሎ አየውና የኔን ላጲስ ጠየቀኝ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በላጲስ ፈተጋቸው፤ መልሶ ሰካው። ፕሪንተሩ ጮኸና አንድ መስመር ጻፈ። ለሙከራ የጻፍኩት የሱን ስም ነበር። ወረቀቱን ቀዶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የሠራተኛውን ፋይል ሁሉ ወደ ማሽኑ አስገባሁ። በአንድ መስመር አንድ ሰው፤ መጀመሪያ የትውልድ ዓመት፣ ቀጥሎ ስም፣ ቀጥሎ ክፍል። ዓመቱን ያስቀደምኩት በአባቴ ምክር ነው። መጽሐፉ ላይ ማስነሻው ዝርዝሮችን የሚደረድርበት ትእዛዝ እንዳለው አንብበው ነበር፤ ሥራውን «ትሪዬ» ይለዋል። «ትሪያጅ ማለት ፉርጎ የሚለይበት ግቢ ነው» ብለው አስረዱኝ። «ተቀላቅለው የመጡትን ፉርጎዎች በየመድረሻቸው ትለያቸዋለሽ። ይሄም መስመሩን ከመጀመሪያው ፊደል አንሥቶ ይለያል። ዓመቱን ብታስቀድሚ በዕድሜ ይደረድርልሻል።» ሞከርነው። ወረቀት ብናገላብጥ ሳምንት የሚፈጀውን በትንፋሽ ጊዜ ደረደረው። አባቴ «በዚህ ዘመን ነው መሥራት የነበረብኝ» አሉ።

አንድ ጠዋት ኃላፊዬ ገቡና በሩን ዘጉ።

«ከበላይ ታዟል። ከፋብሪካችን ለብሔራዊ ውትድርና ሃያ ሰው ይላካል፤ ከወጣቶቹ ጀምሮ» አሉ። «ድሮ ፋይል ስናገላብጥ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ ዕድሜው አይነበብም። ያንቺ ማሽን ይችላል አይደል?»

አይችልም ማለት እችል ነበር። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ግን ለወራት ያ ማሽን አሮጌ ነው፣ አይረባም ሲባል ሰምቻለሁ፤ አፌ ላይ የመጣው ኩራት ነው።

«ይችላል» አልኩ።

«በይ እስከ ምሳ አድርሺልኝ።»

ትእዛዙን ሰጠሁት፤ ደረደረው። ከወጣቶቹ በኩል ሃያውን ቆጠርኩ። አሥራ ስምንተኛው ኤሌክትሪሽያኑ ነው። ጢሙን አይቼ፣ ድምፁን ሰምቼ ሁልጊዜ ከኔ ይበልጣል እያልኩ ነበር የማስበው። ያን ጊዜ የአራት ወር ሕፃን ነበረችው።

ብዙ አላሰብኩም። ከዓመቱ ላይ አንድ ቁጥር ለወጥኩ። ማሽኑ አልጠየቀኝም፤ ያን ቀን በየትኛውም ቋንቋ ምንም አልጠየቀኝም። እንደገና ደረደረው። ኤሌክትሪሽያኑ ወደ ትልልቆቹ ርቆ ሄደ፤ ከሃያው ውጭ የነበረ አንድ ስም ሃያኛ ሆኖ ገባ። የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ አላውቀውም። ስሙን ትንሽ አየሁት። ከዚያ አሳተምኩ። ኃላፊዬ ፈረሙበት።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ከሙቀቱ ሸሽቶ ሲተኛ ቤት ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተራቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ወንድምሽን ወደ ማሠልጠኛ የወሰደው ባቡር ሲነሣ ተረኛው እኔ ነበርኩ» አሉ።

ይህን ሰምቼ አላውቅም። እናቴም የምታውቀው አይመስለኝም።

«ቀጣዩ ጣቢያ መስመሩ ነፃ ነው ካላለን፣ እኛም ተነሥቷል ብለን ካልመታን ባቡር አይንቀሳቀስም። የመታሁት በዚህ እጄ ነው። ተረኛ መቀየር እችል ነበር፤ አልቀየርኩም። ሌላ ሰውም ቢሆን ይመታው ነበር። ይሄን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

«ረዳዎት አባባ?»

«አንዳንድ ቀን።»

«እኔ ግን አንድ ሰው አውጥቼ አንድ ሰው አስገባሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ቆይተው፣ «በዚያ በኩል የምነግርሽ ነገር የለኝም ልጄ» አሉኝ።

ሃያዎቹ የሄዱት ከሳምንት በኋላ ነው። ኤሌክትሪሽያኑ ጣቢያ ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰ፤ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደዘፈነ ነገረኝ። «እኔስ እንዴት ቀረሁ? ስሜ አለ ብዬ ልብሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር» አለኝ። ዕድሜህ አልፏል አልኩት። «ወላሂ? እናቴ ናታ የምታሳንሰኝ» ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም፤ ልብ አላለውም።

አባቴ ለቁልፎቹ ወረቀት መምጣት ተዉ። ተቆጥተው አይደለም። ፊደሎቹን ራሷ ለምዳቸዋለች አሉ፤ እውነትም ለምጃቸው ነበር። ፈረንሳይኛውን ግን አልተዉትም። ማታ ማታ የጅቡቲን ሬዲዮ መስማት ጀመሩ፤ የሰሙትን ለኔና ለእናቴ ይነግሩናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ቤታችን ከድሮው የበለጠ ወሬ ነበረበት።

መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ወደየቤቱ ተመለሰ። አንድ ቀን አንድ ቀጭን ሰው፣ ግራ ክንዱ በደንብ የማይዘረጋ፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። እዚህ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ እንደነበረና ለውትድርና እንደተላከ የሚያስረዳ ወረቀት እፈልጋለሁ አለ። ስሙን ሲነግረኝ ማሽኑ ውስጥ መፈለግ አላስፈለገኝም። ግን ፈለግኩ፤ እጄን የማሳርፍበት ነገር ስለቸገረኝ። ወንበር ሰጠሁት። ወረቀቱን ጽፌ፣ አሳትሜ፣ ፊርማና ማኅተሙን ራሴ ዞሬ አስጨረስኩለት።

«ሰው እንዲህ ሲያግዘኝ ዛሬ የመጀመሪያ ነው» አለኝ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ያወጣሁት ቃል «ውኃ ትጠጣለህ?» የሚል ነበር።

ፋብሪካው ያን ጊዜ ራሱን መቻል አቅቶት ስለነበር ሥራው አልተመለሰለትም። ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት መሸጥ ጀመረ፤ አሁንም እዚያው ነው፤ ልጆቹ ያግዙታል። በሳምንት አንድ ቀን የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ እሄዳለሁ። ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም። መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ሁልጊዜ በደህናው እጁ አንድ እፍኝ ቲማቲም ይጨምርልኛል፤ «ምርቃት ነው፣ ያኔ ስላገዝሽኝ» ይላል። አይሆንም ብዬው አላውቅም። ዘንቢሌን እዘረጋለሁ፣ እቀበላለሁ፣ የልጆቹን ደህንነት ጠይቄ እሄዳለሁ።